ሳያናይድ ጋዝ፦ ጭምብሉ ያድናል ወይ? መድኃኒቱስ ለማን ይሰጣል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ሥልጠና እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ነርቭ ጋዝ በቂ ጽሑፍ አለ፤ ስለ ሁለቱ የሳያናይድ ጋዞች፣ ስለ ሃይድሮጅን ሳያናይድና ሳያኖጅን ክሎራይድ፣ የማገኘው ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። ተጎጂውን በነርቭ ጋዝ ከተመታው በምን እለየዋለሁ? የትኛውም የጋዝ ጭምብል ይበቃል? ደግሞስ ጣት ላይ የሚሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ (ኦክሲሜትር) 98 በመቶ እያሳየ ሰው ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?

ቶክሲኮሎጂ፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ እውነት ነው። ሳያናይድ የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ከያዘው ብረት ጋር ይጣበቃል። ደሙ ኦክስጅኑን ተሸክሞ ሴሉ ጋ ይደርሳል፣ ሴሉ ግን ሊጠቀምበት አይችልም። ኦክሲሜትሩ የሚያየው ደሙ መሸከሙን ብቻ ነው። እንዲያውም ኦክስጅኑ ሳይራገፍ ስለሚመለስ የደም መላሽ ሥር ደም ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል። ሴሎቹ ያለ ኦክስጅን ኃይል ለማመንጨት ሲታገሉ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል። የደም ላክቴት (የዚህ አሲድ መጠን) 8 ሚሊሞል በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳያናይድን አጥብቃችሁ ጠርጥሩ፤ የላቦራቶሪ ውጤት እየጠበቃችሁ ግን ሕክምናውን አታዘግዩ።

በነርቭ ጋዝ የተመታ ሰው የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል፣ ለሃጩ፣ እንባውና ንፍጡ ይወርዳል፣ ጡንቻው ይርገበገባል። በሳያናይድ የተመታው ብሌኑ እንደነበረ ነው ወይም ሰፍቷል፣ ፈሳሽም ብዙ የለውም። ክምችቱ ከፍተኛ ከሆነ በ15 ሰከንድ አካባቢ በድንገት በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ይጀምራል፣ ወዲያው ይንዘፈዘፋል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ይቆማል። ልብ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው፤ የማዳኛው ጊዜም ይኸው ክፍተት ነው። መጠኑ ሲያንስ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ይታያል። የቆዳ መቅላት በሁሉም ላይ ስለማይታይ እሱን አትጠብቁ። የመራራ ለውዝ ሽታም እንዲሁ፤ በተፈጥሯቸው ጭራሽ የማይሸታቸው ብዙ ሰዎች አሉ።

ሳያኖጅን ክሎራይድ በዚህ ላይ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ከሰዓታት በኋላም ሳንባ ውስጥ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል።

መከላከያ መሣሪያ፦
ያገኛችሁት ጭምብል ሁሉ ይበቃል ማለት አይደለም። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ተራ ከሰል ነርቭ ጋዝን የመሰሉ ትልልቅ ሞለኪውሎችን ቀዳዳው ውስጥ አጥምዶ ይይዛል። ሃይድሮጅን ሳያናይድ ግን ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚፈላ ከሰሉ ላይ አይረጋም። ለዚህ ነው የወታደራዊ ማጣሪያ ከሰል መዳብና ዚንክ በመሰሉ ብረቶች ውህዶች የሚነከረው፤ ለሳያኖጅን ክሎራይድ ደግሞ ትራይኤትሊንዳያሚን የተባለ ኬሚካል ይጨመርበታል። ሥራው ኬሚካላዊ ስለሆነ እነዚህ ነገሮች ያልቃሉ፤ እርጥበትም ያደክማቸዋል። እሽጉ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ማጣሪያ ላይ ሕይወት አይጣልም። የኢንዱስትሪ ማጣሪያ ከሆነ በአውሮፓ ደረጃ ግራጫ ቀለም ያለበትን ፈልጉ፤ ቡናማው ለኦርጋኒክ ትነት ብቻ ነው። የአቧራ ማስክ፣ የሐኪም ማስክና እርጥብ ጨርቅ ለዚህ ጋዝ ምንም አይሠሩም።

ማጣሪያ ኦክስጅን አይፈጥርም። ዝግ ቦታ ከሆነ፣ የጋዙ ክምችት ካልታወቀ ወይም 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50) ከደረሰ የአየር ሲሊንደር ያለው መተንፈሻ ግዴታ ነው።

አጠላለቁ፦ ትንፋሽ ያዝ፣ ዓይን ጨፍን፣ አገጭን አስቀድመህ አስገባና ማሰሪያዎቹን ሳብ። የጭምብሉን የአየር መውጫ በመዳፍ ከድነህ በኃይል ተንፍስ፤ ውስጥ የቀረው አየር በጠርዙ በኩል ይወጣል። ቀጥለህ የማጣሪያውን መግቢያ ከድነህ ወደ ውስጥ ሳብ። ጭምብሉ ፊትህ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ደህና ነው፤ ከለቀቀ ያሾልካል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጢም ነው፤ ቀጥሎ ጠርዙ ሥር የገባ ፀጉር፣ የመነጽር ዘንግ ወይም የተጣመመ ማሰሪያ። ከልክ በላይ ማጥበቅም ጠርዙን አጣሞ ያሾልካል።

ድንገተኛ ክፍል፦
በቦታው ላይ፦ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫና ወደ ከፍታ ውጡ። ሃይድሮጅን ሳያናይድ ከአየር ትንሽ ስለሚቀል ሜዳ ላይ ቶሎ ይበተናል፤ ሳያኖጅን ክሎራይድ ግን ከአየር በእጥፍ ስለሚከብድ ጉድጓድና ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል። ልብሱን በጭንቅላት በኩል ሳታወልቁ በመቀስ ቁረጡና በድርብ ፕላስቲክ ከረጢት እሰሩት። የነካው ትነት ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይህ ይበቃል፤ ፈሳሽ ከነካው በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። አፍ ለአፍ ትንፋሽ በፍጹም አትስጡ።

ከዚያ 100 በመቶ ኦክስጅንና የሳያናይድ ማርከሻ የሆነው ሃይድሮክሶኮባላሚን ነው። ለአዋቂ 5 ግራም፣ በ200 ሚሊሊትር 0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውሃ) ተበጥብጦ በ15 ደቂቃ በደም ሥር ይሰጣል፤ ካስፈለገ ይደገምና ድምሩ 10 ግራም ይሆናል። ለሕፃን በኪሎ 70 ሚሊግራም። ጠርሙሱን ለአንድ ደቂቃ እያገላበጡ ማሟሟት ነው፤ ከተናጠ አረፋ ይሠራል። ለምርመራ የሚሆን ደም አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ መድኃኒቱ ቀይ ስለሆነ በቀለም የሚሠሩ ምርመራዎችን ያዛባል። የደም ግፊት ይጨምራል፣ ቆዳ ይቀላል፣ ሽንት ለሳምንታት ቀይ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ለታካሚው ቀድማችሁ ንገሩት።

እሱ ከሌለ 300 ሚሊግራም ሶዲየም ናይትራይት በዝግታ፣ ተከትሎ 12.5 ግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት። ናይትራይት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ወደ ሜትሄሞግሎቢን ስለሚለውጥ ኦክስጅን የመሸከም አቅምን ይቀንሳል፤ ግፊትም ይጥላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበትን የእሳት ጭስ የተነፈሰ ሰው ላይ ታዮሰልፌት ብቻውን ይሻላል። ታዮሰልፌትና ሃይድሮክሶኮባላሚን በአንድ መስመር አይሰጡም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። በእግሩ የወጣና የሚያወራ ሰውም መድኃኒቱን ይፈልጋል?

ድንገተኛ ክፍል፦
ብዙ ጊዜ አይፈልግም። የተነፈሰው ሃይድሮጅን ሳያናይድ ከሆነና ከጋዙ ከወጣ ደቂቃዎች አልፈው በደንብ የሚያወራ ከሆነ ክትትል ይበቃዋል። ሳያኖጅን ክሎራይድ ከሆነ ግን በሳንባው ምክንያት 24 ሰዓት አቆዩት። ራሱን ስቶ የቆየ ሰው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ የመርሳት ወይም ፓርኪንሰን የሚመስል የእንቅስቃሴ ችግር ሊመጣበት ስለሚችል የቀጠሮ ወረቀት ሳይያዝ አይሂድ።

ቶክሲኮሎጂ፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ ፖሊዩሬቴን ፍራሽ፣ ናይለንና ሱፍ ሲቃጠሉ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣቸዋል። ሠልጣኞችህ ይህን ጋዝ ከጦር ሜዳ ይልቅ በቤት ቃጠሎ የማግኘት ዕድላቸው የሰፋ ስለሆነ ልምምዱን በዚያ ጀምረው።