ከኢትዮጵያ በምህንድስና ተመርቀው አሜሪካ ለገቡ እህቶች፦ ከትራንስክሪፕት እስከ ሳይት

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁም። በዲቪና በቤተሰብ መጥተው በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በፓርኪንግና በመጋዘን የሚሠሩ የምህንድስና ምሩቃን እህቶች በዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ብዙ ናቸው። «በርቺ» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ወደ ሙያቸው የሚመለሱበት ቅደም ተከተል ምንድን ነው? ገንዘቡስ የት የት ላይ ይወጣል? እኛ ማገዝ የምንችለው በምን በኩል ነው? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ሰነድ_ዲሲ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሁለተኛ ባችለር ለመጀመር የቸኮለች ካለች አስቁሟት። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ የዋሽንግተን አኮርድ (አገሮች የምህንድስና ዲግሪን እርስ በርስ የሚቀበሉበት ስምምነት) አባል ስላልሆነች ዲግሪው በቀጥታ አይታወቅም፤ የሚያስፈልገው ግምገማ ነው። ግምገማው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ የሚከፍለው ይህን ሳያውቅ ነው። ለቀጣሪና ለማስተርስ እንደ ደብሊውኢኤስ ያሉ የውጭ ዲግሪ ገምጋሚ ድርጅቶች የሚሠሩት ይበቃል። ለፒኢ (ፕሮፌሽናል ኢንጂነር) ፈቃድ ግን ብዙ የስቴት ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች የሚጠይቁት የኤንሲኢኢኤስን፣ ማለትም የኢንጂነር ፈተናዎችን የሚያዘጋጀውን ድርጅት፣ ግምገማ ነው፤ ዋጋው ወደ 400 ዶላር ነው። ይኼኛው ኮርስ በኮርስ ይቆጥራል፦ 32 ሴሚስተር ክሬዲት ከፍተኛ ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ 48 ክሬዲት የምህንድስና ሳይንስና ዲዛይን። ስለዚህ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የኮርስ ዝርዝር መግለጫ ያስፈልጋል። የትምህርት ክፍሉን ካሪኩለም በተመረቀችበት ዓመት የነበረውን አስወጡ፤ የዛሬው ካሪኩለም የኮርስ ኮዱ ስለተቀየረ አይገጥምም። ጉድለት ከወጣ ያንን ኮርስ ብቻ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መውሰድ ይቻላል።

ሥራው በጣም የሚዘገየው አገር ቤት ነው። ገምጋሚው የሚቀበለው ከሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ ስቱደንት ኮፒ አይቀበልም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ሳይጠናቀቅ ኦሪጅናሉን አይለቅም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በኤምባሲው በኩል ለዘመድ ውክልና መስጠት፣ ዕዳውን ከፍሎ ክሊራንስ ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ሬጅስትራር መሄድ። በውክልናው ላይ «ትራንስክሪፕትና ዲግሪ ተቀብሎ ለውጭ ድርጅት እንዲልክ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። አጠቃላይ ውክልና ይዞ ሄዶ የተመለሰ ብዙ ነው።

ስም ሌላው ራስ ምታት ነው። በዲግሪው ላይ የራስና የአባት ስም ብቻ፣ በፓስፖርቱ ላይ እስከ አያት፣ በግሪን ካርዱ ላይ አያት «ላስት ኔም» ሆኖ ይገኛል። «ፀሐይ» በአንዱ በቲኤስ፣ በሌላው በኤስ ይጻፋል። ኤንሲኢኢኤስ ላይ አካውንት ስትከፍቱ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም በትክክል ጻፉ፤ ካልገጠመ ከፈተና ማዕከሉ በር ይመልሷችኋል። የዲግሪው ስም ከተለየ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ኖተሪ ፊት አስፈርሙና ከማመልከቻው ጋር አያይዙ።

ኮንክሪት_ቨርጂኒያ

ግምገማው እስኪያልቅ ኤፍኢ የሚባለውን፣ ወደ ፒኢ የሚወስደውን የመጀመሪያ ፈተና ማጥናት ጀምሩ። ብዙ ስቴቶች ከግምገማው በፊት መፈተንን ይፈቅዳሉ፤ ስትመዘገቡ የምትመርጡት ቦርድ ምን እንደሚል አንብቡ። ክፍያው 225 ዶላር ነው። 110 ጥያቄ፣ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ በኮምፒዩተር፣ በፒርሰን ቪዩ ማዕከል። ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል፣ ግን በአንድ ሩብ ዓመት አንድ ጊዜ፣ በ12 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ ያልበለጠ። መሐል ላይ እረፍት አለ፤ እረፍት ከወጣችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው ክፍል መመለስ አይቻልም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

የቀመሮች ሃንድቡኩ በፈተናው ጊዜ በስክሪን ላይ ይሰጣል። ያው ፋይል ከአካውንታችሁ በነፃ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ቀን በእሱ ብቻ አጥኑ፣ ቀመር የት እንዳለ በፍለጋ ማግኘት ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። ካልኩሌተር የተፈቀዱት ካሲዮ ኤፍኤክስ-115 እና 991፣ ቲአይ-30ኤክስ እና 36ኤክስ፣ ኤችፒ 33ኤስ እና 35ኤስ ናቸው። ሌላ ይዛችሁ ብትመጡ አይገባም።

የእኛ ሰው የሚሰናከለው ንድፈ ሐሳብ ላይ አይደለም። አንደኛ፣ አሃድ ነው። በሜትርና በኒውተን ተምረን እዚህ ኪፕ (ሺህ ፓውንድ)ና ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ይመጣል። ፓውንድ ማስ (ግዝፈት)ና ፓውንድ ኃይል ተቀላቅለው 32.2ን ማካፈል የሚረሳ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ለሲቪሎች፣ ኮዱ። በድሮው ኢቢሲኤስ (የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ) የተማራችሁት ሲ-25 ኮንክሪት የኩብ ጥንካሬ ነው፤ የሲሊንደሩ 20 ሜጋፓስካል ነው። እዚህ ኤፍሲ ፕራይም የሚባለው የኮንክሪት ጥንካሬ የሲሊንደር ስለሆነ ሲ-25 የሚቀርበው ለ3000 ፒኤስአይ ነው። 25ን በቀጥታ ወደ ፒኤስአይ የቀየረች 3600 ታገኛለች፣ ሁሉም ነገር ከዚያ ይበላሻል። ሦስተኛ፣ ሥነ ምግባርና ኢንጂነሪንግ ኢኮኖሚክስ፤ ቀላል ነጥብ ስለሆኑ አትዝለሏቸው።

ካለፉ በኋላ ለስቴቱ አመልክተው ኢአይቲ (በሥልጠና ላይ ያለ ኢንጂነር) የሚለውን ሰርተፍኬት ያወጣሉ። ፒኢ የሚመጣው እንደ ደንቡ አራት ዓመት በፒኢ ሥር ከሠሩ በኋላ ነው። ኤቢኢቲ (የአሜሪካ የምህንድስና ትምህርት እውቅና ሰጪ) ላላጸደቀው ዲግሪ ተጨማሪ ዓመት የሚጠይቅ ስቴት አለ።

ስለ እገዛ ለጠየቅሽው፦ እቁብ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች ለፈተናና ለግምገማ ክፍያ መድቡ። ልጆች ላሏቸው ደግሞ ቅዳሜ አራት ሰዓት ሙሉ ልጅ የሚይዝ ሰው ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል። ፈተናውን የሚያስወድቀው ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ጥናት ነው።

ባልቲሞር_ኤሌክትሪካል

ለፌዴራል ሥራ የሚያመለክቱ ካሉ፣ ዜግነት ካገኙ ማለት ነው፦ በ0800 የሥራ መደብ ቁጥር ውስጥ ያሉት የኢንጂነር ቦታዎች (0810 ሲቪል፣ 0830 ሜካኒካል፣ 0850 ኤሌክትሪካል) ዲግሪው ከኤቢኢቲ ውጪ ቢሆንም ኤፍኢ ያለፈ ሰው የሚገባበት መንገድ አላቸው። ማመልከቻው ላይ ሰርተፍኬቱን አያይዙ፤ ካልተያያዘ የሰው ኃይል ሠራተኛው ዲግሪውን ብቻ አይቶ «ብቁ አይደለም» ይላል። የስቴትና የካውንቲ ሥራ ባብዛኛው የሥራ ፈቃድ ይበቃዋል፤ ለመጀመሪያ ሥራ እሱን እመርጣለሁ።

ሬዙሜ አንድ ገጽ ይሁን። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ ይውጣ። አገር ቤት «ኦፊስ ኢንጂነር» የነበረች እዚህ የሚገባቸው ፕሮጀክት ኢንጂነር ወይም ኮስት ኢስቲሜተር ሲባል ነው። «ፔይመንት ሰርተፍኬት» የምንለው እዚህ ፔይ አፕሊኬሽን ነው። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ሕንፃው ስንት ወለል፣ ኮንክሪቱ ስንት ሜትር ኩብ እንደነበር በቁጥር ይጻፍ።

ኔትወርክ ለሚፈልጉ፦ በ1975 በፐርዱ የተመሠረተው የጥቁር ኢንጂነሮች ማኅበር (ናዝቢ) ዋና ቢሮው አሌክሳንድሪያ ነው፤ የሴት ኢንጂነሮች ማኅበር (ስዊ) ከ1950 ጀምሮ አለ። ሁለቱም በዓመታዊ ጉባኤያቸው ላይ ሥራ ቀጣሪዎችን ያመጣሉ፣ እዚያው ኢንተርቪው የሚያደርጉም አሉ። ከሥራ ለረጅም ጊዜ ለራቁ «ሪተርንሺፕ» የሚባል ክፍያ ያለው የመመለሻ ፕሮግራም ፈልጉ። በኤአይ ለሚሠሩ ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በ2017 ከመሠረቱት አንዷ የሆነችበት ብላክ ኢን ኤአይ አለ። በጃንዋሪ 2025 የብዝኃነት ፕሮግራሞችን በመቃወም ከወጡት የፕሬዚዳንት ትእዛዞች ወዲህ ስማቸውን የቀየሩ ወይም የተዘጉ ፕሮግራሞች ስላሉ የዘንድሮውን መስፈርት አንብባችሁ አመልክቱ።

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሥራ ከተገኘ በኋላስ? ሳይት ላይ የደህንነት ዕቃው ሰፊ ነው የሚሉ አሉ። ሒጃብ የሚያደርጉ እህቶችም ይጠይቃሉ።

ሲያትል_ሳይት

ሰፊ ዕቃ መልበስ ግዴታ አይደለም፤ መብቷ ነው የተጣሰው። ኦሻ (የፌዴራል የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ከጃንዋሪ 13፣ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ የኮንስትራክሽን ቀጣሪ የሚያቀርበው መከላከያ በትክክል የሚገጥም መሆን አለበት። ጓንት ከሰፋ የሚሽከረከር መሣሪያ ይይዘዋል። ሐርነስ (ከከፍታ መውደቅን የሚከላከለው የሰውነት ማሰሪያ) ከሰፋ ስትወድቅ የደረት ማሰሪያው ወደ አንገት ይወጣል፣ አልፎም ሰውነት ሊሾልክ ይችላል፤ በጭኑ ማሰሪያ ሥር አራት ጣት ጠፍጣፋ ሆኖ ካላለፈ ጠብቋል፣ ከዚያ የበለጠ ክፍተት ካለ ላልቷል፤ በሁለቱም መጠኑ አልሆነም። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት የጓንት፣ የቬስትና የሐርነስ መጠኗን በኢሜይል ለሴፍቲ ማናጀሩ ትጻፍ። በቃል የተጠየቀ ይረሳል። ሹሩባ ከሄልሜቱ ሥር ጉብ ብሎ ከተቀመጠ የውስጥ ማሰሪያው ራስ ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ማጅራት ዝቅ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ሒጃብ በ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ክፍል ሰባት ይጠበቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ቀጣሪው እምቢ ለማለት ሥራው ላይ ከባድ ጫና መኖሩን ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። ጫፉ ተጠቅልሎ ቬስት ውስጥ የሚገባ፣ ከሄልሜት ሥር የሚሆን ስስ ዓይነት መልበስ ክርክሩን ያሳጥራል። ብየዳና እሳት ባለበት የማይቀልጥ ጨርቅ ይሁን፤ ፖሊስተር ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ደመወዝ ላይ፦ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024፣ ዲሲ ከጁን 30፣ 2024፣ ዋሽንግተን ስቴት ከ2023 ጀምሮ ማስታወቂያ ላይ የደመወዝ ወለልና ጣሪያ እንዲጻፍ ያስገድዳሉ። «ስንት ትፈልጊያለሽ» ስትባል ቀድሞ የነበረችበትን የሰዓት ክፍያ አታንሳ፤ የተለጠፈውን ጠቅሳ ከመሐሉ በላይ ትጠይቅ።

አድልዎ ከደረሰባት ለኢኢኦሲ (የሥራ አድልዎን የሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ 180 ቀን ነው፣ ስቴቱ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስከብር መሥሪያ ቤት ካለው 300። ቀኑ የሚቆጠረው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ነው፤ የድርጅቱ የውስጥ ምርመራ እስኪያልቅ ብሎ መጠበቅ ቆጠራውን አያስቆመውም። ቀን፣ ቦታ፣ የተባለውና የሰማው ሰው በየዕለቱ በግል ማስታወሻ ይያዝ፣ በድርጅቱ ኮምፒዩተር ላይ ግን አይደለም፤ ከሥራ የወጣች ዕለት ይዘጋባታል።