ከእማዬ ጋር ሮምን በሜትሮና በአውቶቡስ ብቻ ማየት ይቻላል?

ጥያቄ፣ ከሙኒክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት። ከመመለሷ በፊት ሮምን ላሳያት አስቤያለሁ። ሐሙስ ጠዋት ገብተን እሑድ ማታ እንመለሳለን። መኪና መከራየት አልፈልግም፣ ታክሲም አያዋጣኝም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ይከብዳታል። ዓርብ ትጾማለች። ባሕር አይታ ስለማታውቅ እሱንም ማየት ትፈልጋለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ናፖሊንና ፖምፔን ጨምሩበት» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቲቡርቲናው፦
እንኳን እናትሽን በደህና አመጣልሽ። ናፖሊን ለሌላ ጊዜ አቆዪው። በፈጣኑ ባቡር ከሮም ዋና ጣቢያ ከተርሚኒ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው፣ እሱ አይከብድም። ግን ለፖምፔ፣ ለጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ፣ እዚያ ወርዳችሁ ሌላ ባቡር ትይዛላችሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ጥላ በሌለው ቦታ፣ በወጣ ገባ ድንጋይ ላይ ለሰዓታት መሄድ ነው። ለሚታመም ጉልበት አይሆንም።

ማረፊያችሁን ተርሚኒ አካባቢ ያዢ። ሁለቱም ዋና የሜትሮ መስመሮች፣ ኤ እና ቢ፣ የሚገናኙት እዚያ ነው። ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ሌዎናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ያደርሳችኋል፤ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። አውቶቡሱ ይረክሳል፣ መንገድ ከተዘጋጋ ግን ይቆያል።

የከተማው ተራ ትኬት 1.50 ዩሮ ሆኖ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስ እንደልብሽ ትቀያይሪያለሽ፣ ሜትሮ ግን አንዴ ብቻ ነው። የባንክ ካርድሽን በሩ ላይ አስነክተሽም መግባት ትችያለሽ። ልብ በይ፣ በአንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሆንም። ለእናትሽ የወረቀት ትኬት ግዢላቸው።

ነባሩ፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሮም ውስጥ እናትሽን የሚያስደስታቸው ብዙ ነገር ከተርሚኒ እምብዛም አይርቅም።

መጀመሪያ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ውሰጃቸው። ከጣቢያው በእግር ቀስ ተብሎ ይደረሳል። ከዋናው መቅደስ በስተግራ ባለው ጸሎት ቤት ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ቀረብ ብለሽ እጆቿን እይ። አንዱ እጅ በሌላው ላይ ተሻግሮ፣ ሁለት ጣቶቿ ወደ ታች ተዘርግተዋል። የአገራችን ምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕሎች ይህንኑ አቀማመጥ ነው የያዙት፤ የሥዕሉ ቅጂ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ኢትዮጵያ ደርሶ ሠዓሊዎቻችን በራሳቸው እጅ አሳምረውታል። እናትሽ ሲያዩዋት ወዲያው ያውቋታል። ጳጳስ ፍራንቸስኮ በ2025 እ.ኤ.አ. የተቀበሩት እዚያው አጠገብ ስለሆነ ሰው ይበዛል፤ በጠዋት ሂዱ።

ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴ ቺንኰቼንቶ ይባላል። በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ያደረጓቸው 500 ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ሐውልታቸው በቅርብ አለ። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚያ ነበር፤ ዛሬ አንበሳው ለገሃር ነው።

ከዚያ በቢ መስመር ኮሎሴዎ ውረዱ፤ ከሜትሮው ስትወጡ ኮሎሲየሙ ፊታችሁ ነው። ቀጣዩ ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚያ፣ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። ቦታው ላይ ሐውልቱ ባይኖርም ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው እላለሁ።

ከሚላን፦
ለባሕሩ ኦስቲያን እመክራለሁ። በቢ መስመር ፒራሚዴ ትወርዳላችሁ፤ እዚያው አጠገብ ወደ ሊዶ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ የሚሄደው ባቡር ይነሳል። ተራው የከተማ ትኬት ይሠራል። መንገድ ላይ ኦስቲያ አንቲካ አለ፣ የጥንቷ ሮም ወደብ። ከፖምፔ ጋር የሚወዳደር ነው፣ ሰው ግን አይበዛበትም። ሰኞ ዝግ ነው።

የቲቡርቲናው፦
በኦስቲያ እስማማለሁ፣ በፍርስራሹ ግን አልስማማም። እዚያም ድንጋዩ ያው ነው። አትውረዱ፤ እስከ ሊዶ ቼንትሮ ቀጥሉ። ከጣቢያው ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ባሕሩ ላይ የተዘረጋ የእግረኛ መተላለፊያ አለ፤ እናትሽ ውኃው በሁለት ጎን እየታያቸው ይሄዳሉ። ለመታጠብ ብዙው ዳርቻ በክፍያ ነው፣ ለማየት ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ባቡሩ አንዳንዴ ስለሚዘገይ ሰፊ ጊዜ ያዙ፣ በበረራ ቀን አትሞክሩት።

ለቫቲካን ደግሞ ከተርሚኒ 40 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ፤ ፌርማታዋ ጥቂት ነው። 64 ቁጥርም ትሄዳለች፣ ግን በኪስ አውላቂ የታወቀች ናት። ቅዱስ ጴጥሮስ መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰልፉ ለፍተሻ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላቸውን ካደረጉ በቂ ነው። ጉልላቱ ይቅርባችሁ፤ 551 ደረጃ ነው፣ በሊፍት እንኳ ከ300 በላይ በእግር ይቀራል።

ማርታ ነኝ፦
የዓርቡ ጾም አያሳስብሽ። ፒዛ ማሪናራ እዘዢላቸው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮም ይሆናል፣ ግን «ሴንሳ ፎርማጆ» በይ፣ አለዚያ አይብ ነስንሰውበት ይመጣል። ትኩስ ፓስታ ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት ተዪው። እንጀራ ካማራቸው ተርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ የሚፈሱት ትንንሽ ቧንቧዎች ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከሙኒክ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የሥዕሉን ነገር ነግሬያት እማዬ ከአሁኑ ጓጉታለች። ናፖሊ ቀርቷል። እሑዳችን የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ ኮሎሲየም ነጻ ነው የሚባለው እውነት ነው? ዓርብ ደግሞ የትራንስፖርት አድማ አለ ይላሉ።

ከሚላን፦
እውነት ነው፣ ነጻ ነው፤ ግን ቦታ መያዝ ስለማይቻል ሰልፉ ከባድ ነው። እናትሽን ፀሐይ ላይ ከማቆም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በክፍያ ግቡ። ትኬቱ ላይ ስምና ሰዓት ስለሚጻፍ ፓስፖርታችሁን ያዙ።

አድማው ቢኖርም ሜትሮና አውቶቡሱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጠዋቱ 2፡30 ድረስ፣ ከዚያም ከቀኑ 11 እስከ ማታ 2 ሰዓት ይሠራሉ፤ በኛ አቆጣጠር ነው የነገርኩሽ። ስለዚህ ዓርብን ለማጆሬና ለተርሚኒ አካባቢ አድርጊው፣ በእግር ያልቃል። ኦስቲያን ለቅዳሜ፣ ቫቲካንን ለእሑድ ጠዋት።