«ኢት ዩር ዎርድስ»ን ለቻይንኛ ተናጋሪዎች እንዴት ላስረዳ?

መካከለኛ ደረጃ ለደረሱ ቻይንኛ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የተቸገርኩት «ኢት ዩር ዎርድስ» (ቃል በቃል «ቃሎችህን ብላ») በሚለው ፈሊጥ ነው። ትርጉሙ የተናገሩት ስህተት መሆኑ ሲረጋገጥ ሳይወዱ በግድ ማመን ነው። ቻይንኛ ግን «ሺየን» የሚል ቃል አለው፤ «ሺ» መብላት፣ «የን» ንግግር፣ ሲገጣጠሙ ቃል ኪዳን ማፍረስ። ልክ እንደ እኛ «ቃሉን በላ»። ስለዚህ ተማሪዎቹ አበድርሃለሁ ብሎ የቀረን ሰው «ሂ ኤት ሂዝ ዎርድስ» (ቃሎቹን በላ) ይሉታል። እዚህ ላይ ትክክሉ «ሂ ብሮክ ሂዝ ዎርድ» (ቃሉን አፈረሰ) ነው።

መጀመሪያ ነጠላና ብዙ ቁጥርን አነጻጸርኩ፦ በዚህ አገባብ «ዎርድ» ቃል ኪዳን፣ «ዎርድስ» የተነገረ ነገር። ቻይንኛ እንዲህ ያለውን ስም በቁጥር ስለማይለይ ልዩነቱ አልያዝ አላቸው። ቀጥሎ «ያሉትን መልሶ መውሰድ» የሚል የቻይንኛ ፍቺ ሰጠሁ፤ ይህ ደግሞ ባሰ። ሰው አስቀይመው ይቅርታ ሲጠይቁ ሁሉ ይጠቀሙበት ጀመር፤ የፈሊጡ ልብ የሆነው ተረትቶ ማፈር ጠፋ። «ሃድ ቱ»ን ከፊቱ ማስገባት መገደዱን ያሳያል፣ ግን «ሺየን»ን ከአእምሯቸው አያወጣም።

የተናጋሪው ግምት መክሸፉንና መገደዱን አንድ ላይ የሚያሳይ፣ ቃል ኪዳን ከማፍረስ ጋር በፍጹም የማይምታታ ምን ዓይነት ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ልስጣቸው?