ኮፓይለት የድርጅቱን ፋይሎች «አላገኘሁም» ይላል፤ ችግሩ ከየት ነው?

ቢሮ_አይቲ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ድርጅታችን ማይክሮሶፍት 365 ይጠቀማል፤ ለ60 ሠራተኞችም የኮፓይለት (የማይክሮሶፍት የኤአይ ረዳት) ላይሰንስ ተሰጥቷል። ሠራተኛው ቲምስ ውስጥ ገብቶ «የግዥ መመሪያው ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ የሚጠይቀው መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንዳንዴ «እንዲህ ያለ ሰነድ አላገኘሁም» ይለዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከኢንተርኔት የለቀመውን አጠቃላይ መልስ ይሰጠዋል። ያንኑ ፋይል ቻቱ ላይ ሲጭንለት ግን በደንብ አንብቦ ይመልሳል። ሳይጭኑለትም የሚያገኝላቸው ሠራተኞች አሉ።

ፋይሎቻችን ሦስት ቦታ ተበታትነዋል፦ ሼርፖይንት (የድርጅቱ የጋራ ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ባለው የግዥና ፋይናንስ ሳይት፣ በየሰዉ ዋንድራይቭ (የግል ማስቀመጫ)፣ እና በየኮምፒውተሩ ዜድ ድራይቭ ሆኖ በሚታየው የቢሮ ሰርቨር። ከመመሪያዎቹ ብዙዎቹ ፒዲኤፍ ናቸው፤ ገሚሱ በአማርኛ ነው።

የሞከርነው፦ ወጥቶ መግባት፣ ካሽ ማጽዳት፣ ብሮውዘር መቀየር፣ ላይሰንሱን አንስቶ መልሶ መስጠት። ለውጥ የለም። ከበላይ «ለሁሉም ፈቃድ ክፈቱና ይለቅ» የሚል ሐሳብ መጥቷል። ከየት እንጀምር?

ሰርች_ባለሙያ

የተጫነለትን ፋይል አንብቦ መመለሱ ጥሩ ፍንጭ ነው። ማንበብ አላቃተውም፤ ፋይሉ ጋ የሚያደርሰው መንገድ ነው የተዘጋው። ኮፓይለት የራሱ ቁልፍ የለውም። ጥያቄ ሲመጣለት በጠያቂው ሠራተኛ ስም የድርጅቱን የሰርች ኢንዴክስ (የፋይሎቹ ይዘት የተመዘገበበትን የፍለጋ ማውጫ) ይፈትሻል፣ ያገኛቸውን ቁርጥራጮች ያነባል፣ ከዚያ ይመልሳል። ስለዚህ ያ ሠራተኛ በተራ ሰርች የማያገኘውን ፋይል ኮፓይለትም አያገኝለትም። ካሽ ማጽዳቱ ያልረዳው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቀላል ነገሮችን አጣሩ። ቻቱ ላይ «ወርክ» እና «ዌብ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ካሉ፣ ዌብ ላይ የተቀመጠው የድርጅቱን ፋይል አይነካም፤ ከኢንተርኔት የተለቀመ መልስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። «ወርክ» የሚለው ጭራሽ ካልታየ ሠራተኛው የገባው በግል አካውንቱ ነው፣ ወይም ላይሰንሱ አልደረሰውም። አድሚን ሴንተር (የማይክሮሶፍት 365 ማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ የሠራተኛውን ስም ከፍታችሁ የላይሰንሱን ዝርዝር ተመልከቱ፤ ዋናው ምልክት ተደርጎበት ከሥሩ ያሉት አገልግሎቶች ተዘግተው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ላይሰንሱን እያነሱ መመለስ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ በየጊዜው ለሰዓታት መጠበቅን ይጨምራል።

ዋናው ፈተና ይህ ነው። በችግረኛው ሠራተኛ አካውንት ግቡ፤ በአድሚን አካውንት አትሞክሩት፣ አድሚኑ የሚያየው ሌላ ነው። ከፋይሉ መሐል፣ ለምሳሌ ከ7ኛው ገጽ፣ አራት ወይም አምስት ቃል ያለው ሐረግ ወስዳችሁ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጋችሁ ሼርፖይንት ሰርች ላይ ፈልጉት። ቀጥሎ የፋይሉን ስም ብቻ ፈልጉ።

በሐረጉም በስሙም ከተገኘ መንገዱ ክፍት ነው፤ ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው፣ ጥያቄው ውስጥ የፋይሉን ስም ጨምሩበት። በስሙ ተገኝቶ በሐረጉ ከጠፋ ኢንዴክሱ ፋይሉ መኖሩን ያውቃል፣ ውስጡን ግን አላነበበም። በሁለቱም ከጠፋ ጉዳዩ የፈቃድ ወይም የኢንዴክስ ነው። ይህን ሳትለዩ ሴቲንግ መነካካት አትጀምሩ።

ሼርፖይንት_አድሚን

«ለአንዳንዱ ያገኛል፣ ለአንዳንዱ አያገኝም» የሚለው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፈቃድ ነው። በተለይ ሊንክ! ፋይሉ «ሊንኩ ላለው የድርጅቱ ሰው ሁሉ» ተብሎ ሲጋራ ሠራተኛው ሊንኩን አንድ ጊዜ ተጭኖ እስኪከፍተው ድረስ ፋይሉ በሰርቹ አይመጣለትም። ከፈተው ማለት ፈቃዱ በስሙ ተመዘገበለት ማለት ነው። በኢሜይል የመጣላቸውን ሊንክ የከፈቱት ያገኛሉ፣ ሳይከፍቱ ያለፉት አያገኙም። ለጊዜው ሊንኩን መክፈት ይበቃል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን የግዥ ሠራተኞችን አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገብቶ ለግሩፑ በሳይቱ ወይም በላይብረሪው (ሳይቱ ውስጥ ፋይሎቹ በተቀመጡበት ክፍል) ደረጃ የማንበብ ፈቃድ መስጠት ነው። የሳይቱ የፈቃድ ገጽ ላይ «ቼክ ፐርሚሽንስ» የሚል አለ፤ የሠራተኛውን ስም ስታስገቡበት ምን ፈቃድ በየት በኩል እንደደረሰው ያሳያችኋል።

ፈቃዱ ኖሮ ሰርቹ ባዶ ከሆነ ወደ ሳይቱ ሴቲንግ ግቡና «ሰርች ኤንድ ኦፍላይን አቬይለቢሊቲ» የሚለውን ክፈቱ። ሳይቱ በሰርች ውጤት ይታይ ወይ ለሚለው መልሱ «የስ» መሆን አለበት። ተመሳሳይ ጥያቄ በላይብረሪው አድቫንስድ ሴቲንግ ውስጥም አለ፤ ብዙ ሰው የሳይቱን አስተካክሎ ይህን ይረሳዋል። ሁለቱንም ካስተካከላችሁ በኋላ «ሪኢንዴክስ» የሚለውን ተጫኑ። ውጤቱ ወዲያው አይመጣም፤ ቢያንስ እስከ ነገ ጠብቁ፣ ሳይቱ ትልቅ ከሆነ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። በመሐል ደጋግሞ መጫን አያፋጥነውም።

ሌላው የቨርዥን ቁጥር ነው። ላይብረሪው ረቂቅና የጸደቀ ቅጂ የሚለይ ከሆነ ቁጥሩ 0.3 ላይ የቆመ ፋይል ለተራ አንባቢ የለም ማለት ነው። ታትሞ 1.0 ሲሆን ብቻ ይታያል። አዲስ ተጭኖ «ቼክ አውት» እንደተደረገ (በአንድ ሰው ለማረም እንደተያዘ) የቀረ ፋይልም እንደዚሁ ከጫነው ሰው በስተቀር ለማንም አይታይም።

ከአናት በላይ የተጣለ ገደብም ሊኖር ይችላል። «ሪስትሪክትድ ሼርፖይንት ሰርች» የሚባለው ከተከፈተ ሰርቹም ኮፓይለቱም ድርጅት አቀፍ ፍለጋ የሚያደርጉት በተፈቀዱ ሳይቶች ላይ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ከ100 ሳይት በላይ አይቀበልም። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሳይት ውስጥ ያለውን ፋይል ሠራተኛው የሚያገኘው የራሱ ከሆነ፣ በቀጥታ ከተጋራለት ወይም በቅርቡ ከፍቶት ከነበረ ነው። የእናንተ ምልክት ከዚህም ጋር ይገጥማል፤ የሼርፖይንት አድሚናችሁን ጠይቁ።

ደኅንነት_ክፍል

«ለሁሉም ክፈቱ» የሚለውን ሐሳብ እባካችሁ አቁሙት። ሁሉንም የድርጅቱን ሠራተኛ የሚያካትተውን ግሩፕ ሳይቱ ላይ ስትጨምሩ የግዥ መመሪያው ብቻ አይደለም የሚከፈተው፤ ከጎኑ ያለው የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ፣ ያልተከፈተ የጨረታ ሰነድ ሁሉ አብሮ ይወጣል። ድሮ ፎልደሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ስላልነበረ የላላ ፈቃድ ተሸፍኖ ይኖር ነበር። አሁን አንድ ሰው «የመምሪያ ኃላፊዎች ደመወዝ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ይህ ከባድ ጉዳት ነው፤ የወጣውንም መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

ሁለት የተዘጉ በሮችን ግን ፈትሹ። ፋይሉ ላይ «ምስጢር» የሚል የሚያመሰጥር ሌብል (የምስጢርነት ደረጃ ምልክት) ካለ ሠራተኛው የማየት መብት ብቻ ቢኖረው አይበቃም፤ «ኤክስትራክት» የሚባለው፣ ይዘቱን የማውጣትና የመቅዳት መብት፣ አብሮ መሰጠት አለበት። ያለዚያ ሠራተኛው ፋይሉን ከፍቶ ያነበዋል፣ ኮፓይለት ግን ማጠቃለል አይችልም። ሁለተኛው ፐርቪው (የማይክሮሶፍት የመረጃ ጥበቃ መሣሪያ) ላይ ያለው የመረጃ ፍሰት መከላከያ ደንብ ነው፤ አንድ ሌብል ያላቸውን ፋይሎች ኮፓይለት እንዳይጠቀም የሚከለክል ደንብ ሊኖር ይችላል። ሆን ተብሎ የተዘጋ ከሆነ እንዲዘጋ ያዘዘውን ክፍል ሳታነጋግሩ አታንሱት። በፓስወርድ የተቆለፈ ፒዲኤፍም ውስጡ አይነበብም።

ዜድ ድራይቭን በተመለከተ፦ ሠራተኛው በፋይል ማሰሻው ስላየው ኮፓይለት ያየዋል ማለት አይደለም። ፋይሎቹን ወደ ሼርፖይንት ማዛወር ወይም ሰርቨሩን የሚያገናኝ ኮኔክተር መትከል ያስፈልጋል። ኮኔክተር ከመረጣችሁ የሰርቨሩን የፈቃድ ዝርዝር አብሮ እንዲወስድ አድርጉ፤ ለሁሉም እንዲታይ ብሎ ማስገባት ከላይ ያልኩትን አደጋ በሌላ በር ያመጣዋል። ማዛወርን ከመረጣችሁ ደግሞ ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየተደራረበ የረዘመ ዱካ (የፎልደሮቹና የፋይሉ ስም ተያይዞ የሚሠራው አድራሻ) ያስቸግራችኋል፤ ሼርፖይንት ከ400 ፊደል በላይ የሆነ ዱካ አይቀበልም። «መመሪያ የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የተስተካከለ የመጨረሻ» የሚሉትን ቅጂዎችም ሳታጸዱ አታስገቡ። ኮፓይለት የትኛው እንደሚሠራበት አያውቅም፤ የተሻረውን አንቀጽ ጠቅሶ ሊመልስ ይችላል።

ቢሮ_አይቲ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ፈተናውን በሠራተኞቹ አካውንት አደረግነው። ምንም የማይመጣላቸው ሊንኩን ሳይከፍቱ የቀሩት ናቸው፤ ግሩፕ እየሠራንላቸው ነው። በስም ተገኝተው በሐረግ የሚጠፉት ግን ሁሉም የአማርኛ ፋይሎች ናቸው። ስካን ያልሆኑ፣ በወርድ የተጻፉም አሉባቸው። ምን ሊሆን ይችላል?

ፊደል_እና_ፋይል

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በእጅ መለየት ይቻላል። ፒዲኤፉን ክፈቱና አንድ መስመር ላይ ማውስ ጎትቱ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ካልተመረጡ፣ ወይም ገጹ እንዳለ እንደ ሥዕል ከተያዘ፣ ፎቶ ነው፤ ለኢንዴክሱ ባዶ ገጽ ነው። ፊደሎቹ ከተመረጡ ደግሞ መስመሩን ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛው ከወጣ ደህና ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቁ የወጣ ከሆነ ግን ሰነዱ የተጻፈው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው፤ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች እንዲህ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ኮድ በአማርኛ ቅርጽ ያለብሱታል። ለዓይን «ግዥ» የሚመስለው ለሰርቹ ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ወርድ ላይ ፎንቱን ኒያላ (የዩኒኮድ ፎንት) አድርጎ መቀየርም አይረዳም፤ ቅርጹ ይለወጣል እንጂ ከሥር ያለው ኮድ ያው ነው።

ለስካኑ ኦሲአር (ከሥዕል ላይ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም) ያስፈልጋል። ነጻ ከሆኑት ቴሰራክት የአማርኛ የቋንቋ ፋይል አለው፤ ኦሲአርማይፒዲኤፍ ደግሞ በእሱ እየሠራ ጽሑፉን ከገጹ ሥዕል ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ስካኑ 300 ዲፒአይ ይሁን፣ የተጣመመው ገጽም ይቃና። ለድሮ ፎንት የወርድ ፋይል ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መሣሪያ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ ካልሆነ ወደ ፒዲኤፍ አውጡትና ኦሲአር አድርጉት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ኦሲአርማይፒዲኤፍ ገጹ ጽሑፍ ያለው ስለሚመስለው ሥራውን ያቆማል። ያለውን ጽሑፍ ትቶ እንደገና እንዲያነብ የሚያስገድደውን «ፎርስ ኦሲአር» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ። ከዚያ ገንዘብ መጠንና የአንቀጽ ቁጥር ያለባቸውን ገጾች በዓይን አመሳክሩ፤ ኦሲአር «ሰ»ን «ስ» ቢያደርግ አንባቢው ይረዳል፣ 50,000ን 5,000 ቢያደርግ ግን መመሪያው ራሱ ተቀየረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፊደሉ ራሱ ነው። ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ፀ እና ጸ ለኮምፒውተር የተለያዩ ኮዶች ናቸው። ሰነዱ «ሥራ» ብሎ እናንተ «ስራ» ብላችሁ በጥቅስ ምልክት ከፈለጋችሁ ፋይሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የጠፋ ይመስላችኋል። የፈተናውን ሐረግ በእጅ አትጻፉት፣ ከሰነዱ ቅዱት።

የታደሱትን ፋይሎች በነበሩበት ስምና ቦታ ላይ ተክታችሁ ጫኑ፤ ሊንኩም ፈቃዱም ሳይነካ ይቆያል። በማግስቱ ያንኑ ሐረግ በሠራተኛው አካውንት ፈልጉ። ሰርቹ ላይ ከመጣ ኮፓይለትን ጠይቁና ከመልሱ ሥር የጠቀሰውን ፋይል ተጭናችሁ ክፈቱ፤ አዲሱ ቅጂ መሆኑን የምታረጋግጡት እዚያ ነው።