«ዘረመልን ዝም ማሰኘት» ወይስ «መለጎም»?

ዘማራኪ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ካላ አዛር (ሌሽማኒያ የተባለ ጥገኛ ስለሚያመጣው በሽታ) የተዘጋጀ የጤና ጽሑፍ እያረምሁ እዚህ ላይ ቆምሁ፦ «ማይክሮ አር ኤን ኤ የተፈጥሯዊ መከላከያን ዘረመሎች ዝም ያሰኛል።» ለጆሮዬ አልጣመኝም። «ያጠፋል» ልበለው?

የላብራቶሪው፦ «ያጠፋል» እንዳትል! ዘረመሉ እንዳለ ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ገደማ ፊደል ያላት ቁራጭ ናት። ከዘረመሉ ተገልብጦ በወጣው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ላይ ተለጥፋ ፕሮቲን እንዳይሠራበት ታደርጋለች፤ ብዙ ጊዜም በከፊል ነው። ከማይክሮ አር ኤን ኤዎቹ አንዷን፣ ሚአር 146ኤን እይ፦ ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያ ሲያገኝ የመከላከያ ዘረመሎችን የሚቀሰቅሰው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን ይነሣል፣ እሱ ራሱ 146ኤን ያስመርታል፣ እሷም ወደ እሱ ምልክት የሚያደርሱትን ፕሮቲኖች፣ አይራክ 1ንና ትራፍ 6ን፣ ትቀንስበታለች። የመከላከያው ቁጣ (ብግነቱ) ልክ አልፎ ሰውነትን እንዳይጎዳ ነው።

ዘበአታ፦ እንግዲያው ቃሉ «ለጎመ» ነው። ግእዙም ለጐመ፤ ልጓምም ከዚያው። «አንደበቱን ለጎመ» ስንል ዝም አለ ማለታችን ነው፣ ምላሱ ግን አልተቆረጠም።

የቋራው፦ «ለገመ»ም ከዚሁ ሥር ነው። ለጋሚ ሠራተኛ እያለ አይሠራም። ዘረመሉ ለገመ በሉት!

ዘበአታ፦ አይሆንም ወንድሜ። የለጎመ «ጎ» ከግእዙ «ጐ» ነው፤ ለገመ ያ የለውም። ደግሞም የለገመ ፈቅዶ ነው፣ የተለጎመ ግን ለጓሚ አለው። እርባ ቅምር (የግእዝ ግስ እርባታ) የተማረ ሰው አድራጊና ተደራጊ አያምታታም።

የቋራው፦ ልጓም የከበደው ፈረስስ አይለግምም?

የላብራቶሪው፦ ሁሉም ልጓም አይደለችም እኮ። ሚአር 155 ሶክስ 1 የተባለውን ገቺ ፕሮቲን ቀንሳ ቁጣውን ታባብሳለች።

ዘበአታ፦ ለጓሚውን ለጎመች በላ! ቃሉ ጸና።

የላብራቶሪው፦ የካላ አዛሩን ጥገኛስ ምን ትሉታላችሁ? ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ በአይጦች ጉበት ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤዎችን የሚያበስለውን ዳይሰር የተባለ ፕሮቲን ጂፒ 63 በተባለ የራሱ ቆራጭ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ያለ ዳይሰር የጉበቷ ማይክሮ አር ኤን ኤ ሚአር 122 አትበስልም፣ የደም ኮሌስትሮልም ይወርዳል። ተመራማሪዎች ሚአር 122ን ሲመልሱላቸው የጉበቱ ጥገኛ ቀነሰ።

ዘበአታ፦ ይህ መለጎም አይባልም። የመታው ልጓም ሠሪውን ነው።

የቋራው፦ «ሰለበ» በሉዋ! መሣሪያውን ነው የገፈፈው።

ዘበአታ፦ በግእዙ ልክ ነህ፣ ሰለበ ማለት ገፈፈ ነው። የመተማ ገበሬ ግን «ሰለበ» ሲባል ሌላ ነው የሚሰማው፤ ለጤና ጽሑፍ አይሆንም።