በአንድ ጥናት 26 አዲስ እንቁራሪት? ተማሪዎቼ አላመኑኝም

መምህርት ከሮቤ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሮቤ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ዝርያ ብዛት ሳስተምር የማዳጋስካርን እንቁራሪቶች ምሳሌ አደረግሁ። ስተምፊያ የሚባል ጂነስ፣ ማለትም የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ፣ አለ። አፈ ጠባብ ከሚባሉት እንቁራሪቶች ቤተሰብ ነው። ከውስጡ አንዳንዶቹ ሙሉ ሰውነታቸው ከአንድ ፍሬ ቡና አይበልጥም።

ልጆቹን ያስገረማቸው ግን መጠኑ አይደለም። ከዚህ ጂነስ ስም ያላቸው ዝርያዎች 15 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ጥናት ወጣና 26 አዲስ ጨመረ። በአንዴ 41 ሆኑ።

አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ታዲያ እስከዛሬ የት ነበሩ?» አለ። እሱን መለስኩለት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች። እሷ ደግሞ «አንዱን እንቁራሪት በቀለሙ እየከፋፈሉ 26 ብለውት ቢሆንስ? ደግሞ ትንንሾቹ ያላደጉ ልጆች ቢሆኑስ?» አለችኝ። እዚህ ላይ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር በቂ መልስ አልነበረኝም። አጣርቼ እነግርሻለሁ አልኳት።

የምታውቁ ካላችሁ ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ በሚገባ ቋንቋ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሰኞ ክፍል አለኝ።

ናትናኤል አዳማ

መምህርት፣ ስለ ማዳጋስካሩ ብዙ አላውቅም። ግን የዚያው የአፈ ጠባቦች ቤተሰብ የሆነች አንዲት የፓፑዋ ኒው ጊኒ እንቁራሪት አለች። ፔዶፍራይን አማውኤንሲስ ትባላለች። በአማካይ 7.7 ሚሊሜትር ናት። ሽምብራ በሏት። እ.ኤ.አ. በ2012 ስሟ ሲታተም የዓለም ትንሿ ባለ አከርካሪ እንስሳ ተብላ ነበር።

አገኛኘቷን ለልጆቹ ንገሪያቸው። ተመራማሪዎቹ ሌሊት ጫካ ውስጥ የነፍሳት የሚመስል ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ባትሪ ቢያበሩ ምንም የለም። በመጨረሻ ድምፁ ከሚመጣበት መሬት ላይ የረገፈውን ቅጠል አፍሰው ፌስታል ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ቅጠሉን አንድ በአንድ ሲያነሱ ከአንዱ ላይ ዘላ ወጣች። ስለዚህ «የት ነበሩ» ላለው ልጅ መልሱ ቅጠል ሥር ነው።

ናሙና ቤት

እህቴ፣ የዚያችን ዝምተኛ ልጅ ጥያቄ አደራ አክብሪው። እኔ ያን ጥያቄ ሳልጠይቅ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት የእንስሳት ናሙና በሚቀመጥበት ክፍል ነው። ሥራዬ ጠርሙሶቹን መጠበቅ ነበር። አልኮሉ ሲጎድል እሞላለሁ። የደበዘዘ መለያ ወረቀት በእርሳስ መልሼ እጽፋለሁ። እርሳስ በአልኮል አይለቅም፣ እስክሪብቶ ግን ይለቃል። እና አንድ ትልቅ ጠርሙስ ነበረኝ። ላዩ ላይ በገዛ እጄ «እንቁራሪት፣ ያልደረሱ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከመስክ የሚመጣ ትንሽ እንቁራሪት ሁሉ እዚያ ይገባል።

አንድ ቀን አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣችና ጠርሙሱን አስከፈተችኝ። ከመካከላቸው አንዷን አውጥታ በማጉያ ሥር ሆዷን በቀጭን ምላጭ ከፈተቻት። «ጋሼ ይምጡ ይዩ» አለችኝ። አየሁ። ሆዷ በእንቁላል ሞልቷል። እኔ ያልደረሰች ልጅ ያልኳት እናት ነበረች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ስም አስቀምጫታለሁ። ያን ቀን ምሳ መብላት አቃተኝ።

ለልጅቷ እንዲህ በያት። ደርሳለች አልደረሰችም የሚለው በመጠን አይለካም። ሴቷ ሆዷ ውስጥ የበሰለ እንቁላል ካለ ደርሳለች። ወንዱ ለመጋባት የሚጣራ ከሆነ ደርሷል። የእንቁራሪት ልጅ እንደዚያ አይጣራም።

ይህ ስህተት የእኔ ብቻ አልነበረም። ማይክሮሃይላ የሚባሉ የእስያ አፈ ጠባቦች አሉ። ከነሱ አንዷ በማሌዢያ ሳራዋክ፣ ኩባህ በሚባል ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ትኖራለች። እንቁላሏን የምትጥለው ገንቦ የመሰለ ቅጠል ባለው ተክል ውስጥ ነው፤ እዚያ በተጠራቀመው ውኃ። ወንዱ ከ10.6 እስከ 12.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በየሙዚየሙ የተቀመጡት የሷ ናሙናዎች የሌላ እንቁራሪት ልጆች ተብለው ታልፈው ነበር። ልብ የተባለችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

አሁን ወደ 26ቱ ልምጣ። ቀለም ብቻ አይተው ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ልክ ነበረች። አንድ ዝርያ ቡናማም፣ ቀላም፣ ነጥብ ያለበትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ምስክር አልፈረዱም። ዘረ መሉን አዩ፣ ድምፁን አዩ፣ አካሉን አዩ።

ድምፁ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። የስተምፊያ ወንድ ከቅጠል ሥር ሆኖ ብዙውን ጊዜ አንድ አጭር ድምፅ እየደጋገመ ያሰማል። ፌንጣ ይመስላል። በድምፅ መቅጃ ቀድተሽ ኮምፒውተር ላይ ስትዘረጊው ግን የእያንዳንዱ ርዝመት፣ ቅጥነትና በመሃል የሚተወው ፋታ ይለካል። ሴቷ የምትሄደው የራሷን ዝርያ ድምፅ ተከትላ ነው። ሁለት ዓይነት እንቁራሪቶች አንድ ጫካ ውስጥ ጎን ለጎን እየኖሩ የተለያየ ከተጣሩ፣ ዘረ መላቸውም ካልተደባለቀ፣ ሳይንቲስቱ አልከፋፈላቸውም። ራሳቸው ናቸው የተለያዩት።

አካሉ ደግሞ በራሱ ያሳስታል። እንቁራሪት በዘመናት ውስጥ እያነሰች ስትሄድ ጣቶቿ ያጥራሉ፣ አንዳንዱም ይጠፋል። ስተምፊያ ትሪዳክቲላ የምትባለው ስሟ ራሱ ባለ ሦስት ጣት ማለት ነው። ችግሩ እንዲህ ማነስ ማዳጋስካር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም፤ በተለያየ ቅርንጫፍ ተደጋግሟል። በ2019 ሦስት ደቃቅ እንቁራሪቶች ተገኙ። ሲያዩአቸው ስተምፊያ ይመስላሉ። ዘረ መላቸውና አጥንታቸው ሲታይ ግን ሌላ ቅርንጫፍ ሆኑ። አዲስ ጂነስ ተከፈተላቸውና «ሚኒ» ተባለ። ዝርያዎቹም ሚኒ መም፣ ሚኒ ኤቸር፣ ሚኒ ስኪዩል ተባሉ። ሁለቱ ቃላት ሲገጣጠሙ የእንግሊዝኛ ቃል ይሆናሉ፤ እንግሊዝኛ መምህሩን ጥሪውና ልጆቹ ስሞቹን አንድ ላይ ጮክ ብለው ያንብቡለት። ደስ ይላቸዋል።

ለምን እንዲህ በዙ ካሉሽ፣ አኗኗራቸውን ንገሪያቸው። ብዙዎቹ ኩሬ አይፈልጉም። እንቁላላቸውን መሬት ላይ በቅጠል መሃል በአረፋ ይሸፍኑታል። የሚፈለፈለው እጭ ምግብ አይበላም፤ ከእንቁላሉ በተረፈለት አስኳል ያድጋል። ስለዚህ ከተወለዱበት እርጥብ ጫካ የሚያስወጣቸው ነገር የለም። ቢወጡስ የት ይደርሳሉ? አንድ ሴንቲሜትር ሰውነት ፀሐይ ላይ ወዲያው ይደርቃል። ለእኛ የአምስት ደቂቃ መንገድ የሆነ ገላጣ ማሳ ለሷ ባሕር ነው። አንዱ ተራራ ላይ ያለችው ከሌላው ተራራ ዘመዷ ጋር ሳትገናኝ ዘመን ያልፋል። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ከአንድ ተራራ ወይም ከአንድ ጫካ በቀር ሌላ ቦታ የማይታወቁት።

ሌላው ልቤን የሚነካው፣ 26ቱን ያወጣው ጥናት መሪ አንዶላላኦ ራኮቶአሪሶን የምትባል የማዳጋስካር ልጅ መሆኗ ነው። የአገሯን የቅጠል ሥር ነዋሪዎች ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት። ይህን ለዝምተኛዋ ልጅ ለብቻዋ ንገሪልኝ።

ሰናይት ባሕር ዳር

ጋሼ፣ በጣም ተማርኩ። ግን አንድ ነገር ልሟገትዎት። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ከጥበቃ ሠራተኞች ጋርም እሠራለሁ። አንድ የጫካ ጠባቂ እነዚህን 41 ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። እርስዎም እንዳሉት ድምፅ ተቀድቶ፣ ዘረ መል ተመርምሮ ነው የሚለዩት። ታዲያ ለጠባቂው ምን ይጠቅመዋል? ሁሉንም «ትንሿ እንቁራሪት» ብሎ ጫካውን ቢጠብቅ አይበቃም?

ናሙና ቤት

ሰናይትዬ፣ ጫካው የሚጠበቅ ቢሆን ይበቃ ነበር። ግን እንደምታውቂው ሁሉም ጫካ አይጠበቅም። የቱ ይቅደም ተብሎ ይመረጣል። ማዳጋስካር ውስጥ ታቪ የሚሉት አለ፤ ጫካውን ቆርጦና አቃጥሎ ሩዝ መዝራት ነው። ገበሬው የሚበላው ስላጣ ነው፣ አልፈርድበትም። ጫካው ግን በየቦታው ተቆራርጧል።

አሁን አስቢው። አሥር ጫካ ውስጥ ያለችው ሁሉ አንድ ዝርያ ናት ካልን፣ አንዱ ጫካ ቢቃጠል «ዘጠኝ ቀርቷል» እንላለን። ማንም አይደነግጥም። አሥር ዝርያ ከሆኑ ግን ያ አንዱ ጫካ ሲቃጠል አንዷ ከዓለም ጠፋች ማለት ነው። በአደጋ ላይ ያሉ እንስሳት መዝገብ የሚሠራው በዝርያ ነው። ስም የሌላት መዝገብ ላይ አትወጣም። ጠባቂው ለይቶ ላያውቃት ይችላል። ስሟ ግን ጠባቂ ያስቀጥርላታል።

ናትናኤል አዳማ

ጋሼ፣ ፔዶፍራይን አሁንም አንደኛ ናት ወይስ ተበልጣለች?

ናሙና ቤት

ተበልጣለች፣ ናቲ። ብራዚል ውስጥ ብራኪሴፋለስ ፑሌክስ የምትባል አለች። በ2024 በወጣው ልኬት ትንሹ ወንድ 6.45 ሚሊሜትር ነው። እሷ ግን የአፈ ጠባቦች ቤተሰብ አይደለችም። የሷ ጂነስ እንቁራሪቶች ሲዘሉ አየር ላይ ይገለበጣሉ፣ በጀርባቸውም ይወድቃሉ። ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ቱቦ ከማነሱ የተነሳ ሥራውን በደንብ አይሠራም። እያነሱ መሄድ ዋጋ አለው።

መምህርት፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አንቺ ያለሽው ሮቤ ነው! ከአንቺ ብዙም በማይርቀው የሐረና ጫካ ላይኛው ጫፍ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ አስታ የሚባለው ተክል ባለበት፣ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የምትባል አጭር ራስ እንቁራሪት አለች። ከባሌ በቀር የትም የለችም። በ1989 ስም ሲወጣላት ከነዚሁ ከአፈ ጠባቦች ቤተሰብ ተቆጥራ ነበር። በኋላ ቤተሰቧ ተለይቶ ለብቻው ቆመ። የጂነሱ ዝርያ እሷ ብቻ ናት። በአደጋ ላይ ባሉ እንስሳት መዝገብ ላይ የመጥፋት አደጋዋ እጅግ ከፍተኛ ተብሏል። ልጆቹ ማዳጋስካርን ከማወቃቸው በፊት እሷን ይወቋት።

መምህርት ከሮቤ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ሁሉንም አነበብኩላቸው። የጠርሙሱን ታሪክ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሚኒ መምን እስከ ረፍት ሰዓት ሲጠሩት ነበር።

ስለ ሐረናዋ ግን አፈርኩ። ስድስት ዓመት እዚህ ሳስተምር ስሟን አልሰማሁም። ከተማሪዎቼ መካከል ሁለቱ አያቶቻቸው ሐረና ናቸው። እነሱም አልሰሙም።

ዝምተኛዋ ልጅ ስለ ራኮቶአሪሶን ለብቻዋ ስነግራት ምንም አላለችም። ረቡዕ ጠዋት ግን ከትምህርት በፊት ጠበቀችኝ። ማታ ከአባቷ ጋር ወንዝ ዳር ወርዳ በአባቷ ስልክ ድምፅ ቀድታለች። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። ጆሮዬ ላይ አድርጋ «ቲቸር፣ ይሄኛው ረዘም ይላል፣ ያኛው ይቆራረጣል፤ ሁለት ናቸው» አለችኝ። እኔ የውኃውን ድምፅ ብቻ ነበር የሰማሁት። ደግሜ ሳዳምጥ ልክ ናት። በእርግጥ ሁለት ናቸው።

ብልክልዎ ይሰሙታል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

ናሙና ቤት

ላኪው፣ ዛሬውኑ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወንዙን ስምና የአየሩን ሁኔታ በወረቀት ትጻፈው። በእርሳስ። ከታች የራሷን ስም ታስቀምጥ፤ የሰበሰበው ሰው ስም የሚጻፈው እዚያ ነው።