ወንድማችንን ጎንደር እናታችን ጋ ልንልከው ነው፣ የባይፖላር መድኃኒቱን ምን እናድርግ?

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባይፖላር አለበት፣ ሊቲየም ይወስዳል፣ ማታ ማታ ደግሞ ሴሮኩዌል። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፣ ግን አፓርታማ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ መዋሉ አላማረንም፣ ለጥምቀት ሄዶ እስከ ፋሲካ ጎንደር እናታችን ጋ ቢቆይ፣ አየር ቢቀይር፣ ጸበልም ቢጠመቅ ብለን አሰብን። እሱም ደስ ብሎታል። መድኃኒቱን ከዚህ በየወሩ በሰው እንላክለት ወይስ እዛው ይግዛ? ቤታችን አዘዞ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

— — —

እህቴ ሰላም። እኔ ካናዳ ብዙ ዓመት ኖሬ ተመልሼ አሁን ጎንደር ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ያንቺን የመሰለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ አይጠፋም። መምጣቱን አልቃወምም፣ እሱም ከፈለገ እናት ቤት መሆን ብዙ ሰው ሲያረጋጋ አይቻለሁ። ግን በሰው ይላክ ወይስ እዚህ ይገዛ የሚለው ቀጥሎ የሚመጣ ነው፣ መጀመሪያ ጎንደር ላይ የሚያየው ሐኪምና ደሙን የሚለካለት ላብራቶሪ ይገኝ፣ ቲኬቱም ከዛ በኋላ ይቆረጥ። ሊቲየም እንደ ቫይታሚን በሻንጣ ተልኮ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። ሊቲየም አሮጌ መድኃኒት ነው፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ለማንያ (ባይፖላር ሰውን ከልክ በላይ ሲያነቃቃው ማለት ነው) እንደሚሰራ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፣ አሜሪካም በ1970 ፈቀደችው፣ እስከ ዛሬ በተለይ ሰው ራሱን እንዳያጠፋ በመከላከል የሚስተካከለው እምብዛም የለም። ችግሩ የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን ጎን ለጎን ናቸው። ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8፣ ለአንዳንዱ እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ይፈለጋል፣ 1.5 ካለፈ መመረዝ ነው የሚሆነው። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ሊቲየሙንም አብሮ ይይዘዋል፣ ያኔ ዶዙ ሳይጨመር ደም ውስጥ ያለው መጠን ብቻውን ይወጣል።

እንግዲህ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ማለት ሁዳዴን በሙሉ ማለት ነው፣ 55 ቀን። ልጁ እናቱን አይቶ እኔም እጾማለሁ ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ቢውል፣ ወይ የአገር ቤት ውሃ ሆዱን አበላሽቶት ሲያስቀምጠው ቢሰነብት፣ ወይ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ መተማ ወርዶ ያ ሙቀት ሲያልበው ቢውል፣ ወይ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ገብቶ ቢቀመጥ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ነው የሚያደርሱት። ሌላ ማንም ልብ የማይለው ነገር ደግሞ አለ፣ እናታችሁ ግፊት ካለባቸው በቤቱ ወጡ ሁሉ ጨው ሳይገባበት ነው የሚሰራው፣ እሱ ደግሞ ሚኒሶታ ፒዛና ቺፕስ ሲበላ ነው የኖረው፣ ጨው በአንዴ ሲቀንስበት ሊቲየሙ ከፍ ይላል። ስለዚህ የሱ ምግብ እንደለመደው ጨው ይኑረው፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ጾሙን ለንስሐ አባቱ ነግሮ ይተውት፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሁሌም ትፈቅዳለች።

የህመም ማስታገሻም አለ። ወገቡን ወይ ጥርሱን ቢያመው ሰፈር ያለ ፋርማሲ ሳይጠይቅ ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ሊሰጠው ይችላል፣ ሁለቱም ሊቲየምን ከፍ ያደርጋሉ፣ ፓራሲታሞል ይውሰድ። የግፊት ኪኒንም እንደዛው ነው፣ ኢናላፕሪል እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሊቲየም ጋር ያለ ሐኪም አይገናኙም፣ እኛ አገር ደግሞ እናት ራስ ምታት ነው ላለ ልጅ የራሷን ኪኒን ከፍላ መስጠት ልማድ ነው። ይሄንን ለእናታችሁ በስልክ አንቺው ቀስ ብለሽ አስረጂያቸው፣ ከሱ አፍ ከሚሰሙት ያንቺን ይሰማሉ።

ምልክቱን ቤት ያሉ ሁሉ ይወቁት። እጁ ከወትሮው በላይ ጎልቶ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያስመልሰው፣ ቢያስቀምጠው፣ ሲሄድ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ፣ አፉ ቢተሳሰር፣ ነገር ቢምታታበት፣ ሰው ጠጥቶ ነው ይላል ወይ መንፈስ ነው ብሎ ወደ ጸበል ይሮጣል፣ እናንተ ግን የሚቀጥለውን ኪኒን እንዳይውጥ አድርጋችሁ በዛው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት፣ ሊቲየም እንደሚወስድም መጀመሪያ ተናገሩ።

ጸበሉን በተመለከተ እኔም የማምን ሰው ነኝና ጸበል ይቅርበት አልልም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፣ ጸበል ጀመርኩ ብሎ መድኃኒት እንዳያቆም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት እያሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል፣ ለዚህም ያው ነው። ሊቲየም በአንድ ቀን ሲቆም ማንያው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ማቆም ቢያስፈልግ እንኳን ሐኪሙ ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል እስከ 3 ወር እየቀነሰ ነው የሚያቆመው። በሌሊት ተነስቶ መጠመቁም እንቅልፉን እንዳይቆርስበት፣ እንቅልፍ ማጣት ለባይፖላር ከምንም በላይ ክፉ ነው። የጥምቀት ዋዜማ ፋሲለደስ መዋኛ ሲታደር ደስታው ልዩ ነው አውቃለሁ፣ ግን ከሚኒሶታ ገና መጥቶ የ9 ሰዓት ልዩነት ያዛባው ልጅ ሌሊቱን ቆሞ አይደር፣ ተኝቶ ጠዋት ይምጣ። ጫት የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሊቲየም ጎንደር ሲገኝ ይገኛል ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሴሮኩዌልም (እዚህ ኩዌቲያፒን ብላችሁ ጠይቁ) እንደዛው። መደርደሪያ ላይ በብዛት የምታገኙት ቫልፕሮኤት፣ ካርባማዜፒን፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን፣ ሃሎፔሪዶል ነው። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው ግን አንዱ በሌላው በፋርማሲ ባንኮኒ ላይ አይለወጥም፣ የሐኪም ስራ ነው። ደበረኝ ስላለ ብቻ ደግሞ ፍሉኦክሴቲን ወይ አሚትሪፕቲሊን ገዝታችሁ እንዳትሰጡት፣ የድብርት ኪኒን ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማንያ ሊገለብጠው ይችላል።

ስለዚህ የሚቆይበትን ሙሉ መድኃኒት ራሱ ይዞ ይምጣ። ኢንሹራንሱን ቬኬሽን ኦቨርራይድ በሉት፣ ለጉዞ ብሎ የብዙ ወር በአንዴ ሊፈቅድ ይችላል፣ ሜዲኬይድ ከሆነ ግን ከአሜሪካ ውጭ እንደማይከፍል አውቃችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። መንገድ ሲዘጋ በረራም ሲቋረጥ ሁላችንም አይተናል፣ በየወሩ ሰው ይመጣል ብሎ መተማመን ልጁን ያለ መድኃኒት ማስቀረት ነው። ሻንጣው እዛው ቀርቶ ሰው ብቻ የሚደርስበት ጊዜ አለና መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ከነጠርሙሱ ከነጽሑፉ።

ጠርሙሱን ያልኩት በምክንያት ነው። አንዲት እናት እኛ ጋ መጥተው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ሶስት ዓይነት ኪኒን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉ፣ አንዱ ለሁለት የተከፈለ፣ ሌላው ላቡ ነክቶት ቀለሙ የለቀቀ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ስጠኝ፣ ከአሜሪካ ያመጣልናል ያልነው ሰው ቀረ» አሉኝ። ኪኒኑ ላይ የታተመውን ቁጥር በስልኬ መብራት እያየሁ ሳጣራ አንደኛው ላሞትሪጂን የሚባል የባይፖላር መድኃኒት ሆኖ ተገኘ፣ ልጃቸው ካቆመው ሳምንት አልፎታል። ላሞትሪጂን ደግሞ ከ5 ቀን በላይ ከተቋረጠ በድሮው ዶዝ አይጀመርም፣ ሕይወት የሚያሰጋ የቆዳ ሽፍታ ሊያመጣ ስለሚችል እንደ አዲስ ከትንሹ ነው የሚነሳው። ባዶ እጃቸውን መመለስ አንጀቴን ቢበላውም ሰጥቼ ብልካቸው ደግሞ ይብስ ነበር፣ ወደ ሐኪም ይዘውት እንዲሄዱ ለመንኳቸው፣ ሄዱም።

ከሐኪሙ ደብዳቤ አስጽፉ፣ የመድኃኒቱ መጠሪያ በንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን በዋናው ስም፣ ሚሊግራሙ፣ ተራ ነው ወይስ ቀስ እያለ የሚለቀው ዓይነት፣ የመጨረሻው የሊቲየም መጠን፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ውጤት። ቀስ እያለ የሚለቀው ኪኒን አይፈጭም፣ ሊቲየሙም ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላ ፋብሪካ ከተቀየረ ደሙ እንደገና ይለካል። ከመብረሩ በፊት አንዴ ይለካ፣ እዚህ ደርሶ በ2 ሳምንት ገደማ አንዴ። ደሙ የሚቀዳው የማታውን ከዋጠ 12 ሰዓት ሲሆነው ነው፣ የጠዋቱን ሳይወስድ። የኩላሊቱ ምርመራ ብዙ ቦታ አለ፣ የሊቲየሙን ግን ዛሬ ይሰራል የተባለው ነገ ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አለቀ ሊባል ስለሚችል አስቀድማችሁ አስደውሉ፣ ካልሆነም ናሙናው አዲስ አበባ የሚላክበትን መንገድ ጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል አለ፣ ታሞ እስኪገባ አትጠብቁ፣ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ደህና እያለ ሄዶ ካርድ ያውጣ።

— — —

ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። እኔ ደግሞ ጣሊያን ነኝ፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለች የአክስቴ ልጅ ዴፓኪን ነው የምትወስደው፣ ሰርጓ ደርሷል፣ ለማንም አልተነገረም። ይሄ መድኃኒት ለልጅ አይሆንም ሲባል ሰምቼ ፈራሁ፣ አቁሚ ልበላት?

— — —

አቁሚ አትበያት፣ በስልክ ትዕዛዝ ማቆም ራሱ አደጋ ነው። ግን የሰማሽው እውነት ነው፣ ዴፓኪን ማለት ቫልፕሮኤት ነው፣ በእርግዝና ሲወሰድ ከ10 ልጆች አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፣ ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ እድገታቸው ይቸገራሉ። ስለዚህ ሳታረግዝ ወደ ሐኪሟ ሄዳ ወደ ሌላ መድኃኒት ቀስ ብሎ እንዲዛወርላት ትጠይቅ፣ እስከዛ አስተማማኝ መከላከያ ትጠቀም። ወደ ካርባማዜፒን ልቀይርሽ ካሏት እሱም ለጽንስ ጥሩ እንዳልሆነ፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒንንም እንደሚያደክም ታንሳባቸው። ሐኪም ቤት ስትሄድ አንቺ በስልክ ሆነሽ አብረሻት ብትሆኚ ደግ ነው፣ ብቻዋን ይዛው ነው የከረመችው።

— — —

ጠያቂዋ ነኝ። ሁላችሁም ተባረኩ። የእናቴን ግፊትና የጨውን ነገር ፈጽሞ አላሰብነውም ነበር፣ ትናንት ማታ ደውዬ ነገርኳት፣ ለሱ ለብቻው በትንሽ ድስት እሰራለታለሁ አለች። የሐኪሙ ቀጠሮ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ወንድሜም ያንተን መልስ ራሱ አነበበው፣ ዘጠኝ ሰዓት የሚለያይ ከሆነ የማታውን ኪኒን በየትኛው ሰዓት ልውጥ ይልሃል?

— — —

በጣም ጥሩ ጠየቀ፣ ማክሰኞ ለሐኪሙ ይሄንኑ ይጠይቅ፣ ሰዓቱን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያዛውር በጽሑፍ ይስጡት። እኔ የምለው አንድ ነው፣ አውሮፕላን ላይ ወሰድኩ አልወሰድኩም ብሎ ከተጠራጠረ ደግሞ አይዋጥ፣ የሊቲየም ድርብ ዶዝ ካንድ መዝለል የከፋ ነው። የቀን መክፈያ ያለው የኪኒን ሳጥን ግዙለት። የሊቲየሙ ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ፣ የት እንደሚለካ ደግሞ እዚህ እኔ ዞሬ እጠይቃለሁ።